ዮሴፍ ሲመሽ ለምን ያለቅሳል

ኮንጋ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ፀዳለ፣ ዲላ

ዕድሜዬ ሰባ አራት ነው። ጥርሴ የተቆላ በቆሎ ይሰብራል። ቡናዬን ራሴ እገርዛለሁ፤ እንሰቴን ራሴ እነቅላለሁ። እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነው ይላሉ፤ የልጆቼ እናት ካረፈች ወዲህ ግን በሬን ዘግቼ እፍቃለሁ፤ ያየ የለም። ቡና ማጠቢያው ድረስ ያለውን ዳገት ሳላርፍ እወጣለሁ። መሐል ላይ ቆም የምለው ሰው ሰላም ለማለት ነው። መሠረተ ትምህርት ያስቆጠረኝ ፊደልም እስከ ዛሬ አልከዳኝም፤ ይህን ደብዳቤ በሰው እጅ አላጻፍኩም።

ይህን ሁሉ ማስቀደሜ «ልጄን ማን ያርሳታል?» ላሉት መልስ እንዲሆን ነው። እኔ አርሳታለሁ። እርስዎ እግርዎ ተሰብሮ በጄሶ ታስረዋል። ባሏ፣ ልጄ በፍቃዱ፣ ጂንካ በኩል መንገድ ሥራ ላይ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን ማሽን ጥሎ አይመጣም። ሌላ ሴት ልላክ ማለትዎን ሰምቻለሁ። አይላኩ። የበራሶ ዱካለ የልጅ ልጅ በተከራየ እጅ አይያዝም።

ስልክ ለምን አያነሱም ላሉትም፦ ሰውን ፊት ለፊት አሳምሬ እሰማለሁ። ስልክ ውስጥ ያለ ሰው ግን ለእኔ ጆሮ ዝንብ ነው። ድምፁ ከፍ ይበል ከተባለ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፤ የአራስ ነገር ለሰፈር አይጮኽም። ኡስማን በሚኒባሱ ዲላ ይመላለሳል፤ ደብዳቤውን እሱ ያድርስ። አንብቦት እንደሆነ ይጠይቁት። አፉ አያርፍም።

ልጅዎ ሉሊት ደህና ናት። ልጁም ደህና ነው። እናንተ ጆሲ ትሉታላችሁ፤ እኔ ዮሴፍ ነው የምለው። ሲመሽ ትንሽ ያለቅሳል።

በራሶ ዱካለ


ዲላ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ በራሶ

ጤና ይስጥልኝ። እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉ ቢንጋደድ የመሠረተ ትምህርት ተማሪ ነኝ ብለው እንዳይስቁ።

ልጄን እንደማያስርቧት አውቃለሁ፤ ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ገንፎ ማገንፋት ማን አስተማረዎት? ሲጓጉልብዎት ምን ያደርጋሉ? ደግሞስ ሰው ፊት መብላት የምታፍር ልጅ፣ አማቷ ገንፎ ሲያማስሉላት እያየች እንዴት ይወርድላታል?

ደብዳቤዎን ሳነብ ቆየሁና መጨረሻ ላይ አንዲት ነገር ጣል አድርገው ማለፍዎን አየሁ። «ትንሽ ያለቅሳል» ብለዋል። አቶ በራሶ፣ እኔ ሦስት ልጅ አሳድጌአለሁ፤ ትንሽ የሚባል ለቅሶ የለም። ስንት ሰዓት ይጀምራል? መቼ ይተዋል? ሲያለቅስ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ይሰበስባል ወይስ ይንፈራገጣል? ጨርቁ ረጥቦ እንደሆነ ይታይ። ሞቆትም ይሆናል። የኮንጋ ሰው ጉም አየሁ ብሎ ሕፃኑን እንደ ቆጮ ይጠቀልለዋል አሉ። ከጠባ በኋላ ትከሻ ላይ አድርጎ ማስገሳት ያስፈልጋል። አንዳንዴ ምንም ሳይጎድለው መታቀፍ ብቻ ይፈልጋል። ቅቤ እንዳያስውጡት። የአብሽ ውኃም እንዳይሰጡት። እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ የሚል ሰው ደጅዎ ከመጣ ውሻ ይልቀቁበት።

ሉሊትን ስደውልላት «ደህና ነኝ እማዬ» ትላለች። ድምፅዋ ግን ደህና አይደለም።

እንግዲህ ከአሁኑ ይወቁት። ለቅሶው በዚሁ ከቀጠለ፣ ጄሶዬ ሲፈታ መኪና ተኮናትሬ መጥቼ ልጄንም የልጅ ልጄንም ወደ ዲላ እወስዳለሁ። በዚህ አንጣላም፤ ብንጣላም እወስዳለሁ።

ፀዳለ


ኮንጋ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ፀዳለ

እግርዎን እግዚአብሔር ይጠግን። ብቻ ቶሎ ተጠግኖ መኪና ላይ እንዲወጣ አልጸልይም፤ ሰው እንዴት በራሱ ላይ ይጸልያል።

ገንፎው የመጀመሪያው ቀን ጓጉሏል። የሁለተኛው ቀን አርሯል። አሁን ደርሼበታለሁ። ሉሊት ሳህኑን አጥርታ ነው የምትመልሰው፤ ጎረቤቴ ካሳነሽ «ለድመቱ እየሰጠችው እንዳይሆን» ትላለች። ድመት የለኝም።

የጠየቁኝን አንድ በአንድ ሞክሬአለሁ። ጨርቁን ሉሊት ቶሎ ቶሎ ትቀይራለች። ጥቅልሉን ፈታነው፤ አንገቱ ላይ ያለው ሽፍታ ሄደ። በዚህ እርስዎ ትክክል ነዎት፤ ሌላ ቦታ እንዳይጠቅሱብኝ። ለቅሶው ግን አልሄደም። ፀሐይ ስትጠልቅ ይጀምራል። ከማልቀሱ አስቀድሞ ራሱን ወዲያና ወዲህ እያዞረ አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ቡጢውን ጨብጦ ወደ አፉ ይወስዳል። እጁ ብርቱ ነው፤ ገበሬ ይሆናል። ከዚያ ይጮኻል። እኔ ተቀብዬ ደረቴ ላይ አድርጌ ስመላለስ ጥቂት ያርፍና ሸሚዜን በአፉ ይዞ ይጎትታል፤ ከዚያ ከፊተኛው ብሶ ይነሳል። ዝናቡ ስለበረታ አሁን አሁን ቀን ላይም ቤት ነኝ፤ ቀንም ማልቀስ ጀምሯል።

እኔ ግን ጥዬአቸው አልተኛም። ሌላ ወንድ ቢሆን ለቅሶ ሰለቸኝ ብሎ ጠጅ ቤት ይሄዳል። እኔ ከምድጃው ዳር አልነቃነቅም። ብቻዋን አይደለችም።

አንድ ነገር ደርሼበታለሁ፤ እርስዎ የጠበል ሰው ስለሆኑ አይስቁብኝም። ማታ ድምፄን ከፍ አድርጌ እጸልያለሁ። «አሜን» ብዬ ወደ መኝታዬ ስገባ ልጁ ዝም ይላል። አንድ ቀን አይደለም፤ ሁልጊዜ። ጸሎቱ የሚያሳርፈው ከሆነ ብዬ አስረዘምኩት፤ መዝሙርም ጨመርኩበት። ስጨምር እሱም ጩኸት ይጨምራል። እኔም አልለቀውም። በመጨረሻ አሜን ስል ድል ነው።

ካሳነሽ ይህን ሰምታ የልጇን ልጅ ይዛ መጣች። ትናንት ደግሞ ከወንዝ ማዶ ሁለት እናቶች መጥተዋል። ቤቴ ሰው በሰው ሆኗል።

ስለዚህ መኪና አይኮናተሩ።

በራሶ ዱካለ


ኮንጋ፣ ሐምሌ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ፀዳለ

ሰላምታዬ እንዳለ ሆኖ፣ የላኩት ደብዳቤ ግራ አጋብቶኛል። እኔ ስለ ልጅ ለቅሶ ስጽፍ እርስዎ ስለ ወንበሬ ይጠይቁኛል። ወንበር የት ይቀመጣል? ቤት ውስጥ ነዋ!

እሺ፣ ከጠየቁ ልንገርዎ። ምድጃው መሐል ነው። ወንበሬ ከምድጃው በዚህ በኩል፣ የሉሊት ዱካ ከዚያ በኩል። እጄን ብዘረጋ ልጁን እነካዋለሁ። ከቀርከሃው ግድግዳ ጀርባ ጓዳ አለ፤ ጉሙ የሚገባው ግን በዚያ ነው። ስለዚህ ከመሸ በኋላ ልጁን ይዛ ጓዳ እንዳትገባ፣ ከእሳቱም እንዳትርቅ ትእዛዝ ሰጥቻለሁ። ታዛዥ ናት። አንድም ቀን አልገባችም።

«እሷስ ምን ትሆናለች?» ብለዋል። ነጠላዋን እስከ አገጭዋ ተከናንባ ትቀመጣለች። አስቀድሜ ልነግርዎ ሲገባ ዘገየሁ እንጂ፣ ሥርዓት ያላት ልጅ አሳድገዋል። የከተማ ልጅ ናት፣ ወጋችንን አትይዝም ብዬ ፈርቼ ነበር። ካሳነሽ እሷ ቤቴ ከገባችበት ቀን ጀምሮ አስተምራታለች። ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ጀርባዋን አትሰጥም፤ ገላዋን አታሳይም። ይኸው አንዱንም አላጎደለችም። ልጁ ሲጮህ እሷም እንባዋን ዋጥ ታደርጋለች እንጂ ድምፅዋን አታሰማም።

ስለ ኪሎው ካሁን በፊት ያልጻፍኩልዎ እንዳይጨነቁ ብዬ ነው። አሁን ኡስማን ስለነገረዎት መደበቁ ዋጋ የለውም። የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤቴል መጥታ መዘነችው። መጨመር የነበረበትን ያህል አልጨመረም። «በደንብ ይጠባል?» ብላ ጠየቀች፤ ሉሊት እኔን አየችና «አዎ» አለች። በሚቀጥለው ሳምንት ካልጨመረ ሆስፒታል ይሂድ ተብሏል።

ከጸሎቱ በተረፈ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

በራሶ


ዲላ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

አቶ በራሶ

ዛሬ ሰላምታውን ይለፉልኝ።

ይህን ጽፌ ቀደድኩ፤ ደግሜ ጽፌ ደግሜ ቀደድኩ። ሴት ለወንድ፣ ያውም ለልጇ አማት፣ እንዲህ ያለ ነገር መጻፏ ነውር ነው። ግን የዚያ ልጅ ኪሎ ከነውር በለጠብኝ።

ሉሊት እርስዎ ፊት ጡቷን አታወጣም።

ነገሩ ይኸው ነው። ሲመሽ እርስዎ ከፊቷ ይቀመጣሉ። ጓዳ እንዳትገባ አዘዋታል። ገላዋን እንዳታሳይ ጎረቤትዎ አስተምራታለች። ታዲያ ያ ሕፃን በየት በኩል ይጥባ? በነጠላዋ ሸፍና ልታጠባው ሞክራ ነበር፤ ይታፈንና ጨርቁን በእግሩ ይገፋዋል፤ እሷ ደንግጣ ትተወዋለች። እርስዎ ጠዋት ወደ ማሳ ሲወርዱ ደውዬ «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ማታ ታጠቢዋለሽ?» አልኳት። አለቀሰች። መልሱ ያ ነው።

ራሱን ወዲያና ወዲህ የሚያዞረው ጡት ፍለጋ ነው። ቡጢውን አፉ ውስጥ የሚከተው ገበሬ ሊሆን አይደለም፤ ርቦት ነው። ሸሚዝዎን የሚጎትተውም ለዚሁ ነው። ሕፃን መጀመሪያ እንዲህ አድርጎ በቀስታ ይጠይቃል። ሲያጣ ነው የሚጮኸው። ከጮኸ በኋላ ደግሞ ጡት ቢያገኝም ከንዴቱ ብዛት አልይዝም ይላል፤ ያኔ አቅፎ ማባበል ይቅደም።

የሚያሳርፈውም ጸሎትዎ አይደለም፣ አቶ በራሶ። መተኛትዎ ነው። እርስዎ ሲተኙ እሷ ታጠባለች።

ራርተው እንደሚቀመጡ አውቃለሁ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ለቅሶ ሰለቸኝ ብለው ይወጡ ነበር፤ ልጁም በጠገበ። እባክዎ ከዚያ ወንበር ይነሱ። እኔ እዚህ ታስሬ መጥቼ ላስነሳዎ አልችልም።

ፀዳለ


ኮንጋ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወይዘሮ ፀዳለ

ደብዳቤዎ ደርሷል።

ይህን ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ። ምሰሶውን የተሸከምኩት በዚህ ትከሻ ነው። ሰው ዲላ ተኝቶ በገዛ ቤቴ ከወንበሬ ሊያስነሳኝ አይችልም። ስለ ምራቴ ገላም ለእኔ መጻፍዎ ትክክል አይደለም። በዚህ ነገር ሁለተኛ እንዳይጽፉልኝ።

ይህን የምጽፈው ላሚቱን ልይ ብዬ ገና ሳይጨልም ወጥቼ፣ ታዛው ሥር ብዙ ከቆምኩ በኋላ ነው።

ላሚቱ ደህና ናት።

ልጁ አላለቀሰም።

በራሶ ዱካለ


ኮንጋ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ፀዳለ

እንዳይጽፉልኝ ብዬ ነበር፤ አልጻፉም። ከተዋወቅን ጀምሮ ሲታዘዙኝ ይህ የመጀመሪያዎ ነው። አሁን ትእዛዙን አንስቻለሁ። ዝምታዎ ከነገርዎ ይከብዳል።

እንዴት ሆኑ ብለው በኡስማን በኩል ጠይቀዋል። ለኡስማን «ደህና» ብዬዋለሁ። ለእርስዎ ግን ሙሉውን እነግርዎታለሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሲመሽ መውጣት ጀመርኩ። አንድ ቀን ላሚቱ፣ አንድ ቀን አጥሩ፣ አንድ ቀን ጅብ የሰማሁ መስሎኝ። ምክንያት አለቀብኝ። ዝናቡ ሲበረታ ጋቢዬን ተከናንቤ ታዛው ሥር እቆማለሁ። ካሳነሽ በዚያ ስታልፍ አየችኝ።

«አባ በራሶ፣ ምነው? ምራትህ አባረረችህ እንዴ?»

«አየር እየወሰድኩ ነው።»

«አየር? ይሄ እኮ ጎርፍ ነው! ይልቅ ደሞዝ ጠይቃት፤ ዘበኛ በነፃ አይቆምም።»

ስቃ ሄደች። ዝናቡ ጋብ ሲል ግን ጆሮዬን ከግድግዳው ሳስጠጋ ልጁ ሲውጥ ይሰማኝ ነበር። ጉርር፣ ጉርር ያደርጋል፤ ትንሽ ያርፍና ይተነፍሳል፤ ደግሞ ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ድምፅ መኖሩን አላውቅም ነበር። የራሴ ልጆች ሲጠቡ የት ነበርኩ? ማሳ ላይ።

እኔ ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ለሉሊት ግን ምንም አልነገርኳትም። ምን ብዬ ልንገራት? አማት ምራቱን «ጡትሽን አውጪ» ይላል? እሷ ደግሞ እኔ ስወጣ በየቀኑ እያየች ሌላ ነገር አሰበች። የልጇ ለቅሶ ከገዛ ቤቴ አውጥቶ ዝናብ ላይ ያቆመኝ መሰላት።

ባለፈው ቅዳሜ ከማሳ ስመለስ ልጁን አዝላ፣ ፌስታሏን ይዛ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ኡስማን ታች መንገዱ ላይ ጥሩምባ ይነፋል። ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣

«አባባ፣ ሽማግሌ በእኔ ልጅ ምክንያት ደጅ ሲያመሽ ማየት አልቻልኩም። እናቴ ጋ ልሂድ» አለችኝ።

ወይዘሮ ፀዳለ፣ እርስዎ መኪና ተኮናትረው ይወስዷቸዋል ብዬ ስፈራ፣ ለካ እኔው ራሴ ዝም ብዬ እየሸኘኋቸው ነበር። አትሂጂ ብላት ምክንያቱን መናገር አለብኝ። ምክንያቱን ብናገር ወጉን ማፍረሴ ነው። ጥሩምባው አላቆመም።

በኋላ ወደ ጀርባዋ ዞርኩና ለልጁ ተናገርኩ። ለሕፃን መናገር ማንም አልከለከለም።

«ዮሴፍ» አልኩት፣ «ለእናትህ ንገርልኝ። አያትህ ደጅ የሚያመሸው ለቅሶህን ሸሽቶ አይደለም። አንተ ጠግበህ እንድትጠባ ነው። እስካሁን ያስራበህ እሱ ነው፤ ሳያውቅ ነው። አያትህ ለቅሶህን አይጠላም። ቤቱ ዝም ያለ ቀን ነው የሚፈራው።»

ሉሊት አንገቷን ወደ ኋላ አዞረችና እሷም ለልጁ ተናገረች፦

«ጆሲዬ፣ ለአያትህ ንገርልኝ። ዝናብ ነው፤ ይግቡ በላቸው። ፊታቸውን ወደ በሩ ካዞሩ ለእኔ ይበቃኛል።»

ወርጄ ኡስማንን ሸኘሁት። «አንተ ወላዋይ ሽማግሌ! ተሳፋሪ አሳጣኸኝ» ብሎ ሰደበኝ። ቢሰድበኝ ምን ሆንኩ?

አሁን ሲመሽ ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ እቀመጣለሁ። ሲጨርስ በስተኋላዬ ታቀብለኛለች፤ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ጀርባውን እየመታሁ አስገሳዋለሁ። ይህ የእኔ ሥራ ሆኗል፤ ማንም አይነካብኝም። አሁንም አንዳንድ ምሽት ጠግቦም ያለቅሳል። ቤቴል እንዲህ ያለውን መድኃኒት አይፈልግለት፣ በዚህ ዕድሜ የሚመጣ ነው፣ ይተወዋል ብላለች። አቅፌው እዞራለሁ። ምን ጎደለህ ብዬ አስቀድሜ ጠይቄው ሁሉም ከተሟላ፣ እንግዲህ አልቅስ ልጄ፣ አብሬህ አለሁ እለዋለሁ። ትናንት ተመዝኖ ጨምሯል። ቤቴል ራሷ እልል አለች።

ሊወስዷቸው ከመጡ አልከለክልም። በሩን እኔ እከፍታለሁ። ሉሊትን ጠይቄአታለሁ፤ በልጁ በኩል ማለቴ ነው። «እማዬ እዚሁ መጥታ ታርሰኝ» ብላለች። ጓዳውን በጭቃ ደፍኜዋለሁ፤ ጉም አይገባም። ለእርስዎ ይሆናል። ገንፎዬን ቀምሰው መሳደብ ይችላሉ።

እንግዲህ ዕዳ አለብኝ። በፍቃዱ ሲመጣ ይከፍለዋል ብለው እንዳያስቡ፤ ሁሉንም እኔው ነኝ የምከፍለው።

ለካሳነሽና ልጆቻቸውን ላመጡት እናቶች ቤት ለቤት ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ጸሎት ከንቱ ነው አልልም። እግዚአብሔር ለልጁ የሰጠውን ጡት እኔ ከፊቱ ተቀምጬ ዘግቼ፣ መልሼ እሱኑ እለምነው ነበር እላቸዋለሁ። ይሳቁ። ካሳነሽ ደግሞ ያስተማረችውን ወግ እንድታላላው እጠይቃታለሁ፤ እሷ ካልፈቀደች ሌሎቹም ምራቶች አይደፍሩም። ቤቴልን ኪሎውን የነገረችኝ ዕለት «ሚዛንሽ ተበላሽቷል» ብዬ አባርሬአት ነበር። አልጻፍኩልዎትም። እሷ ጋ ጤና ኬላው ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ። ለበፍቃዱ እርስዎ እንዳይጽፉለት፤ ከእኔ አፍ ይስማ። የእርስዎን ዕዳ በወረቀት መክፈል አልሆነልኝም፤ ሞክሬ ቀደድኩት። ሲመጡ ቆሜ እከፍላለሁ። ለሉሊት አንድ ቀን፣ በልጁ በኩል ሳይሆን፣ ፊቷን አይቼ «ልጄ፣ ይቅር በይኝ» እላታለሁ። ገና ነኝ፤ እየተለማመድኩ ነው።

የዮሴፍ ዕዳ ግን ይቆያል። ነገር እስኪገባው መጠበቅ አለብኝ፤ እጠብቃለሁም። ያኔ አስቀምጬው «ሕፃን ሳለህ ነገረኛ አልነበርክም፤ በትክክል ነበር የምትናገረው፤ ያልሰማሁህ እኔ ነኝ» እለዋለሁ። ይህንን በማንም አፍ አላስነግርም። ራሴ ነኝ የምነግረው።

በራሶ ዱካለ